ጨርቁን የፈታው ምስክር

ስሙኝማ! ይህን ነገር ስጀምረው ልቤ ይመታል፤ ስንት ጊዜ አውርቼው ዛሬም ይመታል። ስሟን የማልነግራችሁ አንዲት አገር ነበረች። ብነግራችሁ "እኛን ነው እንዴ?" ብላችሁ ትቀየሙኛላችሁና ይቅር።

በዚያች አገር ራስጌ ጉም የማይለየው ተራራ አለ። አናቱ ላይ ሰባት ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል ይባላል። ስም የላቸውም፤ "ሰባቱ" ብቻ ናቸው። ጨው ቢወደድ የወሰኑት ሰባቱ ናቸው። በረዶ ቡቃያውን ቢመታው ሰባቱ። የአንዱ ላም ብትነጥፍ፣ የአንዷ ሊጥ አልቦካ ቢል፣ ሙሽራ በሠርጓ ማግስት ብታኮርፍ፣ ሁሉም የሰባቱ ሥራ ነው። ለምን ሰባት ሆኑ አትሉም? ድሮ አንድ ሰው ተራራው ጫፍ ደርሶ ሰባት ጊዜ ሲሳል ሰማ። አንድ ጉንፋን የያዘው ሰባት ጊዜ ሊስል ይችላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

"ታዲያ ያያቸው አለ ወይ?" ማለታችሁ አይቀርም። ጉዱ እኮ እሱ ላይ ነው! ሰባቱን ያየ ዓይኑ ይጠፋል የሚል ሕግ ነበር። ስለዚህ ተራራውን የሚወጣ ሁሉ ዓይኑን ታስሮ ነው የሚወጣው። ለዚህም ሹም ተሹሟል፤ የጨርቅ አዛዥ ይባላል። በዚያ ዘመን አዛዥ ጎንጤ ነበሩ፤ ቀይ ካባ የሚደርቡ፣ ሆዳቸው ከካባቸው ቀድሞ የሚደርስ ሰው። ተራራው ሥር ቆመው ጥቁር ጨርቅ ያስሩና ሦስት ቋጠሮ ይቋጥራሉ። እያንዳንዱን ሳብ ሳብ ያደርጉና "ይታይሃል?" ይላሉ። "አይታየኝም።" "እሰየው! በል ሂድ።" ወጪው ከእንጨት እንጨት የተዘረጋውን ገመድ ይዞ ይወጣል። ጫፍ ሲደርስ የተሸከመውን ዳቦና ቆሎ ያስቀምጣል፣ ጥያቄውን ጮክ ብሎ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ይወርዳል። አዛዥ ቋጠሮውን ይመረምራሉ። ካልተነካ "የታመነ ምስክር!" ብለው ያውጃሉ፤ እልል ይባላል።

እንግዲህ አስቡት! የአገሩ ምስክር ሁሉ ዓይኑን የታሰረ ሰው ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ የገረመውም የለም።

ከምስክሮቹ ሁሉ የላቀው አንበርብር ይባላል፤ ድምፁ ሜዳ ሙሉ ሰው የሚያስቆም፣ ለወሬ ጨው የሆነ ሰው። ሦስት ጊዜ ወጥቷል። መጀመሪያ የወጣው ሚስቱ ሽታዬ በትኩሳት የሞተች ሰሞን ነው። "ለምን ወሰዳችሁብኝ?" ብሎ ጮኸ፤ ሲተነፍሱ ሰማ። ያን ቀን ቤቱ ገብቶ እንቅልፍ ወሰደው። የሚቆጣበት አገኘ፣ ምን ይሁን! ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ቢሉ ሠርግ ቤት "ትንፋሻቸው እንደ ወናፍ ነው! ትንባሆአቸው እዚህ ድረስ ይከረፋል!" ይላል። ሰዉ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል።

አንድ ዓመት ፈንግል ገባና የአገሩን ዶሮ ፈጀው። የአንበርብር ጎረቤት ደብሪቱ አንዲት ጫጩት እንኳ አልተረፈቻትም። ባል የላት ልጅ የላት፤ ዶሮዎቿን በስም የምትጠራ፣ ከእነሱ ጋር ስታወራ የምትውል ሴት ነበረች። ከአጥሯ ማዶ ግን የአንበርብር ታናሽ እህት የማንጠግቦሽ ዶሮዎች ጠዋት ማታ ይጮኻሉ። አንድም አልሞተም!

"ፈንግል ገባ ሲባል ዘጋሁባቸው። የገበያ ዶሮ አላስገባሁም። ሌላ ምን አደረግሁ?" ትላለች ማንጠግቦሽ።

ማን ይሰማታል? መዝጋት ነው እንግዲህ ምስጢሩ! እንዲህ ያለ ተራ ነገር ለማን ይጥማል? "የሰባቱ ጆሮ ናት። ወሬያችንን ታቀብላለች፣ ዶሮዋን ይተዉላታል" ተባለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ መንደሩ ሁሉ አውቆ እሷ ጋ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው። ከሳሿም ደብሪቱ ሆነች። "ጎህ ሲቀድ ወደ ተራራው ዞራ ራሷን ስትነቀንቅ በዓይኔ አይቻለሁ" አለች።

የሰባቱ ጆሮ የሆነ ሰው ወንዙን ይሻገራል፤ ሕጉ ነው። ከወንዙ ማዶ ዘመድ የለ፣ እሳት የሚያበድር የለ፣ የተሻገረም ተመልሶ አያውቅም። ሁለት ነገር ብቻ ይቀራል። አንደኛው፣ ታማኝ ምስክር ወጥቶ ሰባቱን መጠየቅ አለበት። ሁለተኛው፣ ከሳሽ ወንዙ ዳር ቆሞ በጣቱ እያመለከተ "በዓይኔ አይቻለሁ" ብሎ መድገም አለበት።

ማንጠግቦሽ ተስፋ አልቆረጠችም፤ ወደ ሳቂዎቹ ሄደች። ሳቂዎቹ በሰባቱ የማያምኑ፣ ዝግባው ሥር ተቀምጠው በሰው ሲስቁ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። አለቃቸው ባሻ አጥናፉ ነው።

"እናንተ ሰባቱ የሉም ትላላችሁ። እንግዲያው ሸንጎ ውጡና ተናገሩልኝ፤ ሊያሻግሩኝ ነው" አለቻቸው።

"ለደደብ ምን ይነገረዋል?" አለ ባሻ አጥናፉ። ሳቁ።

"አንዳችሁ እንኳ ተራራውን ወጥታችሁ ብታዩልኝ?"

"የሌለ ነገር ለማየት ጉልበት እንጨርስ? እኛ ሳንወጣ እናውቃለን!" ደግመው ሳቁ። እሷም ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤቷ ሄደች፤ መንገዱን ሁሉ አለቀሰች።

አዛዥ ጎንጤ አንበርብርን አስጠሩት። "ካንተ የሚበልጥ ምስክር የለም፤ ወጥተህ ጠይቅ" አሉት።

"እህቴ እኮ ናት።"

"እሰየው! እንግዲያማ አድልተሃል አትባልም። ሕጉን ታውቃለህ፤ ሰባቱ ዝም ካሉ ዝምታ እሺታ ነው፣ ጆሯቸው ናት። ድምፅ ካሰሙም ምስጢራቸው ስለታወቀ ተቆጥተዋል፣ ጆሯቸው ናት።"

አንበርብር እሺ ብሎ ታሰረ። ገመዱን ይዞ እየወጣ ግን ይቺ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ትዞር ጀመር። ዝም ቢሉም ናት፣ ቢናገሩም ናት። ታዲያ አይደለችም የሚባለው በምን ሲሆን ነው? ሦስት ጊዜ ሲወጣ ይህን አስቦት አያውቅም። ምነው ቢሉ፣ ያኔ የምትሻገረው የሰው እህት ነበረች።

ጫፍ ደረሰ። ዳቦውንና ቆሎውን አስቀመጠ። ትንፋሹ መጣ! ያው ትንፋሽ፣ ያው ክርፋት! አፉን ከፈተ፣ ጥያቄው አልወጣ አለው። ብጠይቅ እህቴን ገደልኩ፤ ዓይኔ ቢጠፋ ደግሞ እኔ ነኝ የምጠፋው፤ ይጥፋ! አለና የመጀመሪያውን ቋጠሮ ያዘ። አዛዥ ሲቋጥሩ ደህና አድርገው ነው፤ ጥፍሩ ተላጠ። ሁለተኛው ተፈታ። ሦስተኛውን በጥሶ ጣለው።

እናንተዬ! ምን አየ መሰላችሁ?

ሽኮኮ! ድንጋዩ ሁሉ ሽኮኮ ነው! ድብልብል ያሉ፣ ጭራ የሌላቸው፣ በአገሩ ዳቦ ከአያት ቅድመ አያታቸው ጀምሮ የተቀለቡ ሽኮኮዎች! ሰው አይፈሩም፤ አንዱ ቆሎውን እየከረተፈ ቀና ብሎ አየውና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሌላው አለቱ ላይ ተዘርሮ ያንኮራፋል። በአለቱ ስንጥቅ ነፋስ ይገባና "እህህ" ብሎ ይወጣል። ትንባሆ ነው ያለው ክርፋት ደግሞ ሽንታቸው ነው! "ሽንት! ሽንት ነው ያሸተትኩት!" ብሎ ጮኸ። ስንት ሠርግ ቤት፣ ስንት ለቅሶ ቤት ስለዚህ ሽንት አውርቷል!

ከዚያ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። ጉሙም ነፋስ መታውና ተገለጠ። አንበርብር ቀና ሲል አገሩ ከሥሩ ተዘርግታለች! ወንዙ እንደ መቀነት ተጣጥፎ፣ የጤፉ ማሳ አረንጓዴ ሆኖ፣ ከየቤቱ ጢስ እየወጣ። አራት ጊዜ የወጣበትን ተራራ ገና አሁን ወጣው። የማያዩት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? ያን ዕለት አየና አገሩ ናፈቀችው፤ እላይዋ ላይ ቆሞ ናፈቀችው። "ማንጠግቦሽ! ተረፍሽ! ተረፍሽ እኮ!" እያለ አንዱን ወፍራም ሽኮኮ በጋቢው ጠቅልሎ ቁልቁል ሮጠ።

ሸንጎው መሀል ገብቶ ጋቢውን ዘረገፈው። "እነዚህ ናቸው ሰባቱ! ሽኮኮ ነው! በዓይኔ አየሁ!"

አንዲት ባልቴት "ራሳቸውን ለውጠው መጡ!" ብላ በግንባሯ ተደፋች። ይኼኔ ግማሹ ሸንጎ ተደፋ። አንዱ ደግሞ "ይህ አንዱ ነው፤ ስድስቱስ የት አሉ? ደብቋቸው ነው!" አለ። ሌላው "ሰባቱ ገዝተውታል፣ አታዩም ፊቱ ሲያበራ?" አለ። ሽኮኮው በዚህ ሁሉ መሀል የአዛዥ ጎንጤ ካባ ጫፍ ላይ ሸናና አጥር ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

አንበርብር ወደ ሳቂዎቹ ዞረ። "እናንተስ? ልክ ነበራችሁ እኮ! ኑ፣ አብረን እንናገር!"

"አንተ ነህ ዛሬ የምትነግረን? ትናንት ትንባሆ ሸተተኝ ስትል አልነበር?" አለ ባሻ አጥናፉ። "ደግሞ ሽኮኮም የለም። ጭራዋን የቆረጥካት ድመት ናት።"

"እንውጣና እይ!"

"አልወጣም! ሳልወጣ አውቃለሁ!"

አንበርብር ልቡ ተሰበረ። የሚያምኑት አላዩም፣ የማያምኑትም አላዩም፤ ሁለቱም ማየት አይፈልጉም። አዛዥ ጎንጤ ካባቸውን አራገፉና በትራቸውን መሬት ላይ መቱ።

"ቋጠሮው ተፈቷል። ሰባቱን ያየ ይታወራል። ስለዚህ አንበርብር ከዛሬ ጀምሮ ዕውር ነው።"

"እንዴ! እያየሁዎት እኮ ነው! ካባዎ ረጥቧል!"

"ሲቃዥ ነው" አሉ አዛዥ። "ዱላ ስጡት። ዕውር ምስክር መሆን አይችልምና ቃሉ ተሰርዟል። ማንጠግቦሽ ነገ ፀሐይ አናት ስትደርስ ትሻገራለች።"

ዱላ አስጨበጡት። ሰዉም ወዲያው ጮክ እያለ ያናግረው ጀመር፤ ዓይኑ ሳይሆን ጆሮው የጠፋ ይመስል! አንዱ ክንዱን ይዞ "ድንጋይ አለ፣ ተጠንቀቅ" ይለዋል። "አየሁት!" ሲል "አይ፣ የኛ ነገር፣ እንዲያው ያሳዝናል" ብለው ከንፈር ይመጥጣሉ። ሳቂዎቹም ከኋላ "ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ!" ብለው ተረቱበት።

በዚያች አገር ዕውርን የሚመራው የቅርብ ጎረቤቱ ነው፤ ወደ ፈለገበትም ይወስደዋል፣ እምቢ ማለት የለም። የአንበርብር የቅርብ ጎረቤት ደግሞ ማን ናት? ደብሪቱ! ጎህ ሲቀድ ደጇ ቆሞ ጠራት።

"ደብሪቱ! ነይ ምሪኝ።"

"ወዴት ነው የምመራህ አያ አንበርብር?"

"ወደ ተራራው። ጨርቄን ጥዬ መጥቻለሁ።"

"እኔ ከእህትህ ጋር ጉዳይ አለኝ፤ ቀትር ላይ ወንዝ እወርዳለሁ።"

"ከቀትር በፊት እንመለሳለን። ሕግ ነው፣ ምሪ።"

ተራራው ሥር አዛዥ ጎንጤ የደብሪቱን ዓይን በሦስት ቋጠሮ አሰሩ። ለአንበርብር ግን ጨርቅ አልሰጡትም። "ዕውር ጨርቅ ምን ያደርግለታል?" አሉና አሳለፏቸው። ኧረ በሞቴ ይህን አስቡልኝ! ዓይኗ የታሰረ ሴት የሚያይ ዕውር እየመራች ተራራ ስትወጣ! እሷ ስትደናቀፍ እሱ ይይዛታል፤ እሷ ግን "አይዞህ፣ ይዤሃለሁ" ትለዋለች።

ጫፍ ሲደርሱ ትንፋሹ መጣ። ደብሪቱ ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። "ሰማህ? እዚህ ናቸው! ዶሮዎቼን የፈጁብኝ!"

አንበርብር ሊከራከራት አልፈለገም፤ ትናንት ሲከራከር ያገኘውን አግኝቷል። ዝም ብሎ አለት ላይ አስቀመጣትና አንዷን ሽኮኮ አንሥቶ ጭኗ ላይ አኖረላት። ደብሪቱ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ጣቶቿ ግን ቀደሟት። ዶሮ ሲዳብስ የኖረ እጅ ነው፤ ጀርባዋን ዳሰሰ፣ ሆዷ ሥር ገባ፣ እዚያ ቆመ።

"ይቺ... አያ አንበርብር፣ ይቺማ እርጉዝ ናት።"

"ናት እንዴ?"

"ውስጧ ይንቀሳቀሳል! ምንድን ናት?"

"እንጃ። እኔ ዕውር ነኝ።"

ደብሪቱ በገዛ እጇ ቋጠሮዋን ፈታች። ሽኮኮዋን አየች፣ ዙሪያዋን አየች፣ ተሸክማ የወጣችውን ዳቦ ሲሻሙ አየች። አልሳቀችም። ፊቷ ከሰል መሰለ።

"እንግዲያ ዶሮዎቼን ማን ገደላቸው?"

"ማንም።"

"ማንም?"

"ፈንግል ነው ደብሪቱ።"

"ሽታዬንስ?"

ይህን አልጠበቀም። ዱላውን ጣለና ተቀመጠ። ያን ሁሉ ዓመት ሲፎክር፣ ሲራገም፣ ሲመሰክር ነበር እንጂ ለሽታዬ ደህና አድርጎ አላለቀሰም ነበር። "ማንም" አለ። "ትኩሳት ነው።" አንበርብር አለቀሰ፣ ደብሪቱም ዶሮዎቿን በስማቸው እየጠራች አለቀሰች። ነፋሱ "እህህ" ይላል። ብዙ ከተለቀሰ በኋላ ደብሪቱ ፀሐይዋን ቀና ብላ አየች።

"ውይ! ማንጠግቦሽ!" ብላ ተነሣች። "ተነሥ አያ! ተነሥ! ሊያሻግሯት ነው!"

አቤት ሩጫ! ገመዱን ማን ይዞት፤ ድንጋይ ለድንጋይ ነው! ጫማዋ ወለቀ፣ ተወችው። ዱላው እላይ ቀርቷል፣ ማን ይፈልገዋል። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ማንጠግቦሽ እግሯ ውሃው ውስጥ ገብቷል። ሰዉ ተሰልፏል፣ ሳቂዎቹም ለመሳቅ መጥተዋል።

"ከሳሽ መጣች!" አሉ አዛዥ ጎንጤ። "ነይ፣ በጣትሽ አመልክቺና... ምን? ቋጠሮሽ የታለ?"

"ፈታሁት።"

"ዓይንሽን ገልጠሽ አየሽ?"

"አየሁ። ሽኮኮ ነው። አንዷም እርጉዝ ናት።"

ሰዉ ተንጫጫ። አዛዥ በትራቸውን መቱ። "ታውራለች! ዕውር ናት! ዱላ አምጡ!"

አንበርብር ይህን ሲሰማ ዘለለ! "ምን አሉ አዛዥ? ይድገሙልኝ፣ ሕዝብ ይስማ!"

"ዕውር ናት አልኩ!"

"እንግዲያ ዕውር ሰው እንዴት 'በዓይኔ አይቻለሁ' ይላል? ማንንስ በጣቷ ታመለክታለች? ክሱ ወደቀ!"

አዛዥ በትራቸውን ካንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "የለም... ታያለች። ለጊዜው ታያለች።"

"ታያለች? እሰየው! እንግዲያ ያየችው ይጻፍ! ሽኮኮ ነው ያየችው!"

አዛዥ ምን ይበሉ? ዕውር ናት ቢሉ ማንጠግቦሽ ነፃ ነች፣ ታያለች ቢሉ ማንጠግቦሽ ነፃ ነች። በገዛ ቋጠሯቸው ታሰሩ!

ከሰዉ መሀል አንዱ በቁጣ ጮኸ። "እሺ ደብሪቱ፣ ዶሮዎችሽን ማን ገደላቸው?"

ሰው ሁሉ አፏን አፏን አያት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በዚያች አገር መልስ ሳይሰጥበት ያለፈ አልነበረም።

"ማንም አልገደላቸውም" አለች ደብሪቱ። "ሞቱ።"

ወደ ውሃው ገብታ ማንጠግቦሽን እጇን ያዘቻት። "ጭንቅላትሽን ስትነቀንቂ አላየሁም። ዶሮዎችሽ ሲጮኹ መስማት አቅቶኝ ነው። ይቅር በዪኝ።"

ማንጠግቦሽ እጇን አስለቀቀች። ልቧ ቆስሏል። በኋላ የደብሪቱን ባዶ እግር አየች፤ እየደማ ነው። "ውጪ ከውሃው" አለቻት። "በባዶ እግርሽ ሮጠሽ ልትሞቺብኝ ነው። ደግሞ 'እሷን ማን ገደላት?' ሊሉኝ!" አንበርብር ሳቁ አመለጠው፤ ሦስቱም ተያይዘው ወጡ። በሳምንቱ ማንጠግቦሽ አንዲት ቄብና አንድ አውራ ዶሮ በአጥር ላይ አሳልፋ ሰጠቻት። ሰላምታው ግን እስኪመለስ ቆየ፤ ዶሮ መስጠት ይቀላል።

አገሩ ተለወጠ ብዬ አልዋሻችሁም። ባልቴቲቱ "ስምንተኛ አለ! ሰባቱ የሉም እያሰኘ የሚሠራው ስምንተኛው ነው!" አለች፤ እልል ተባለ። ባሻ አጥናፉም ዝግባው ሥር ተመልሶ "ሳልወጣ አውቄ ነበር" እያለ ዛሬም ይስቃል።

ግን አንድ ነገር ሆነ። ከጥቂት ቀን በኋላ በሬው የሞተበት አንድ ገበሬ የአንበርብርን ደጅ አንኳኳ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዕውር ልሆን ብዬ ነበር" አለው። ይዞት ወጣ። ዓይኑን አበስ አበስ እያደረገ ሲወርድ አዛዥ ጎንጤ ዱላ አስጨበጡት። ቀጥሎ ልጇን የቀበረች እናት መጣች። ቀጥሎ ሁለት ወንድማማቾች። አዛዥ ዕውር እያሉ ያውጃሉ፣ ዱላ ያድላሉ፤ ሕጋቸው ነው፣ ምን ያድርጉ! ይኸው ዛሬ የዱላ እንጨት ከሩቅ ቆላ ነው የሚመጣው አሉ።

እንግዲህ እኔ የሰማሁትን ለቀቅሁ፣ ያዙት። ምናልባት መንገድ ጥሏችሁ ከዚያች አገር ብትደርሱና ብትጠፉ፣ ዱላ የያዘ ዕውር ፈልጉ። መንገዱን የምትጠይቁት እሱን ነው።